ቤታችሁ ለምታበሏቸው ልጆች መንግስት የሚከፍለው እንዴት ነው? የዴይኬር ፉድ ፕሮግራም ሂሳብ

አሜሪካ ውስጥ ሀበሻ በሚበዛበት ከተማ ሁሉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም በሉት አሌክሳንድሪያ፣ ሲያትልም በሉት ኦሮራ፣ ቤቷ ውስጥ ዴይኬር ከፍታ የምትሰራ እህት አትጠፋም። እነዚህ እህቶች ሲገናኙ ከላይሰንስና ከኢንስፔክሽን ቀጥሎ የሚያወሩት ስለ ፉድ ፕሮግራም ነው፣ ወሬው ግን ብዙ ግዜ የተምታታ ነው። አንዷ "በወር ሰባት መቶ ምናምን ይገባልኛል" ስትል ሌላዋ ያንኑ ያህል ልጅ ይዛ ያንኑ ምግብ አብስላ ግማሹን እንኳን አታገኝም፣ ሶስተኛዋ ደግሞ "እሱ ነገር ጣጣው ብዙ ነው ታክስ ላይ ያስጨርስሻል" ተብላ ጭራሽ ሳትመዘገብ አመታት አልፈዋል። ክፍያው በየአመቱ ጁላይ 1 ስለሚቀየር የአምናው ቁጥር ከዘንድሮው ጋር እየተቀላቀለ ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ ከስር ከመሰረቱ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚቆጠርና የምግብ በጀት በሱ ላይ እንዴት እንደሚሰራ እንየው።

ፉድ ፕሮግራም የምንለው ምንድነው?

ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፣ በአጭሩ ሲኤሲኤፍፒ ይሉታል፣ የህጻናትና የአዋቂዎች እንክብካቤ የምግብ ፕሮግራም ማለት ነው። ገንዘቡ የፌደራል ሲሆን ባለቤቱ የግብርና መስሪያ ቤቱ ዩኤስዲኤ ነው፣ የሚያስተዳድሩት ግን ስቴቶቹ ናቸው። በ1968 ለሙከራ ተጀምሮ በ1978 ቋሚ ሆነ። ትልልቅ ዴይኬር ሴንተሮችም ይገቡበታል፣ እዚህ የምናወራው ግን ቤት ውስጥ ስለሚሰራው ነው ምክንያቱም የሁለቱ ሂሳብ ይለያያል።

ዋናው መያዝ ያለበት ነገር፣ ይሄ ደሞዝ አይደለም፣ ድጎማ ተብሎ በጅምላ የሚሰጥም አይደለም፣ ብድርም አይደለም። የሚከፈለው ለቀረበ ሳህን ነው። ኡበር የሚነዳ ሰው ቤታችሁ ካለ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል፣ ኡበር የሚከፍለው ሰው ጭነህ ለሄድክበት መንገድ ነው እንጂ ባዶ መኪና ይዘህ ለዞርክበት ወይ ለቀዳኸው ቤንዚን አይደለም። እዚህም እንደዛው ነው። ስድስት ልጅ ብትመዘግቡም ዛሬ አራት ከመጣ የሚከፈላችሁ ለአራት ነው፣ አራቱም መጥተው አንዱ ምሳ ሳይቀርብ በፊት እናቱ ከወሰደችው ምሳው ለሶስት ነው። ለምግቡ 10 ዶላር አወጣችሁ 40 ዶላር አወጣችሁ ክፍያው አይለወጥም። በጀት የሚባለው ነገር እዚህ ጋር ነው የሚጀምረው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ከገባችሁ ወላጅን ለምግብ ብላችሁ ለብቻ ማስከፈል አትችሉም። ከሳምንቱ ክፍያ ላይ "ይሄ የምግብ ነው" ብሎ መነጠል የለም።

ስፖንሰር ማነው፣ ከኔስ ገንዘብ ይቆርጣል?

ቤት ውስጥ የምትሰሩ ሰዎች ከስቴቱ ጋር በቀጥታ አትገናኙም፣ መሀል ላይ ስፖንሰር የሚባል ድርጅት አለ። ወረቀታችሁን የሚያየው፣ ስልጠና የሚሰጠው፣ ቤት መጥቶ የሚያየው፣ በየወሩ ክሌይም (ያበላችሁትን ቆጥራችሁ የምታስገቡትን የክፍያ ጥያቄ) ተቀብሎ ቼኩን ወይ ዳይሬክት ዲፖዚቱን የሚልከው እሱ ነው። ከናንተ የምግብ ክፍያ ላይ ግን ሳንቲም አይቆርጥም፣ መቁረጥም አይፈቀድለትም፣ ለሱ ስራ መንግስት ለብቻው ይከፍለዋል። "ኮሚሽን አለኝ" የሚል ካጋጠማችሁ ስቴቱ ጋ ደውሉ። ገንዘቡ ከስቴቱ ከደረሰው በኋላ ደግሞ በ5 የስራ ቀን ውስጥ ለናንተ ማስተላለፍ አለበት።

አንዷ 700 ሌላዋ 350 የምታገኘው ለምንድነው?

ቲር በሚባለው ነገር ነው፣ ደረጃ ማለት ነው። እስከ 1997 ድረስ ሁሉም ቤት እኩል ነበር የሚከፈለው፣ በ1996 የወጣው የዌልፌር ማሻሻያ ህግ ግን ለሁለት ከፈለው፣ ቲር ዋን ከፍ ያለው፣ ቲር ቱ ዝቅ ያለው።

ቲር ዋን ለመሆን ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሰፈር ነው፣ ቤታችሁ ያለበት አካባቢ ትምህርት ቤት ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ተማሪ በነጻ ወይ በቅናሽ ምሳ ለመብላት ብቁ ከሆነ፣ ወይም የሴንሰስ መረጃ ሰፈሩ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነው ካለ፣ እናንተ ራሳችሁ ስንት ታገኛላችሁ ሳይባል ቲር ዋን ትሆናላችሁ፣ አንዴ ከተወሰነም ለ5 አመት ይቆያል። ሁለተኛው የራሳችሁ ቤተሰብ ገቢ ነው፣ ከፌደራል የድህነት መስመር 185 ፐርሰንት ወይም ከዛ በታች ከሆነ (ቤተሰባችሁ ፉድ ስታምፕ ካለውም ያስቆጥራል) ቲር ዋን ነው፣ ይሄኛው ግን በየአመቱ ይታደሳል። ከነዚህ ውጪ የሆነ ሁሉ ቲር ቱ።

ከጁላይ 2024 እስከ ጁን 2025 በነበረው ታሪፍ፣ ከአላስካና ከሀዋይ ውጪ ባሉት ስቴቶች፣ ቲር ዋን ለአንድ ልጅ ለቁርስ 1.66 ዶላር፣ ለምሳ ወይ ለእራት 3.15፣ ለመክሰስ 93 ሳንቲም ነበር። ቲር ቱ ደግሞ ለቁርስ 60 ሳንቲም፣ ለምሳ ወይ ለእራት 1.90፣ ለመክሰስ 26 ሳንቲም። ከዛ በኋላ በየጁላዩ ትንሽ ትንሽ ይቀየራል፣ የዘንድሮውን ከስፖንሰራችሁ ጠይቁ፣ ለማሳያ ግን እነዚህን እንጠቀም።

እንግዲህ ስድስት ልጅ፣ ቁርስ ምሳና አንድ መክሰስ፣ በወር 21 የስራ ቀን እንበል። ቲር ዋን ከሆናችሁ አንድ ልጅ በቀን 5.74 ነው፣ ስድስቱ 34.44፣ በወር 723.24። ቲር ቱ ከሆናችሁ አንድ ልጅ 2.76፣ ስድስቱ 16.56፣ በወር 347.76። ልዩነቱ በወር 375 ዶላር ከ48 ሳንቲም ነው፣ ለአንድ አይነት ድስት። ወረርሽኙን ተከትሎ በወጣ ህግ ከጁላይ 2022 እስከ ጁን 2023 ሁሉም ቤት በቲር ዋን ሂሳብ ሲከፈለው ስለነበር ያኔ የጀመሩ ሰዎች ከዛ በኋላ "ገንዘባችን ተቆረጠ" ያሉት ለዛ ነው፣ የተቆረጠ ነገር የለም፣ ግዜያዊው አልቆ ወደ ድሮው ተመለሰ እንጂ።

ቲር ቱ ውስጥ ያላችሁ ግን ብዙዎቻችሁ የማትጠቀሙበት አንድ በር አለ። ቤታችሁ ቲር ቱ ቢሆንም እያንዳንዱ ልጅ በወላጁ ገቢ ብቁ ከሆነ ለዛ ልጅ የሚከፈለው በቲር ዋን ነው። ወላጁ ፎርም ይሞላል፣ ፎርሙን ለናንተ ማሳየት ካልፈለገ በቀጥታ ለስፖንሰሩ መላክ ይችላል፣ እናንተ የሰው ገቢ ማወቅ የለባችሁም። ሀበሻ ደግሞ ገቢውን ለጎረቤት ከመንገር ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል፣ ስለዚህ "ለኔ አታሳዩኝ ለድርጅቱ ላኩት" ማለት ብቻውን ብዙ ነገር ይቀይራል።

በቀን ስንት ግዜ ነው የሚከፈለው?

ለአንድ ልጅ በቀን ቢበዛ ሁለት ዋና ምግብና አንድ መክሰስ፣ ወይም ሁለት መክሰስና አንድ ዋና ምግብ። ልጁ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ ቆይቶ አምስት ግዜ ቢበላም ከሶስቱ በላይ አይከፈልም። ስለዚህ እናትየው ማታ የምትሰራና ልጁ እራት እናንተ ጋ የሚበላ ከሆነ ቁርስን ትታችሁ ምሳ፣ እራትና መክሰስን ክሌይም ማድረግ ይሻላል፣ በቲር ዋን 5.74 የነበረው 7.23 ይሆናል። ቁርሱን ግን አብሉት፣ ክሌይም አለማድረግ አለማብላት አይደለም።

የራሳችሁ ልጅስ? የራሳችሁ ልጅ የሚቆጠረው የቤተሰባችሁ ገቢ ብቁ ከሆነ ብቻ ነው፣ ያውም በዛ ሰዓት ሌላ የተመዘገበ የሰው ልጅ አብሮ ሲበላ። በሰፈር ቲር ዋን መሆን ለራስ ልጅ አያገለግልም፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ሳህኑ ላይ ምን ካልኖረ አይከፈልም? የኛ ምግብስ ይቆጠራል?

ለቁርስ ሶስት ነገር፣ ወተት፣ ፍራፍሬ ወይ አትክልት፣ እና እህል። ለምሳና ለእራት አምስት፣ ወተት፣ ስጋ ወይ የስጋ ምትክ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ እህል። ለመክሰስ ከአምስቱ ማንኛውም ሁለት። አንዱ ከጎደለ ሳህኑ ከነጭራሹ አይከፈልም፣ አራቱን አቅርቤያለሁና የአራቱን ክፈሉኝ የሚባል ነገር የለም።

መጠኑ በእድሜ ነው። ከ3 እስከ 5 አመት ላለ ልጅ ምሳ ላይ ወተት 6 አውንስ፣ ስጋ አንድ አውንስ ተኩል፣ አትክልት ሩብ ካፕ፣ ፍራፍሬ ሩብ ካፕ። ከ1 እስከ 2 አመት ላለው ወተት 4 አውንስ፣ ስጋ 1 አውንስ፣ አትክልትና ፍራፍሬ የካፕ አንድ ስምንተኛ። አይታችሁታል ትንሽ ነች፣ እኛ ልጅ የምናበላበት ማንኪያ ሁለት ግዜ ሲሄድ ያልቃል። ያው የኛ ሰው "ልጁ ጠገበ ወይ" ነው የሚለው እንጂ በካፕ አይለካም፣ ግን መለኪያ ካፑን አንድ ሳምንት ብቻ ተጠቀሙበት፣ ከዛ በኋላ ጭልፋችሁ ስንት እንደሚይዝ እጃችሁ ራሱ ያውቀዋል። መጠኑ ደግሞ ቢያንስ ማለት ነው፣ የራበው ልጅ ከጨመረ ማንም አይከለክልም።

የኛ ምግብ በደንብ ይቆጠራል፣ ያውም አንዳንዱ ከነሱ ቺክን ነጌት የተሻለ ነው። አንድ ሳህን እንስራ። ምስር አልጫ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ እንጀራ፣ ወተት። ምስሩ የስጋ ምትክ ነው፣ ሩብ ካፕ የበሰለ ምስር እንደ 1 አውንስ ስጋ ይቆጠራል። ጎመኑ አትክልት ነው። ካሮቱ የፍራፍሬውን ቦታ ይይዛል፣ ምክንያቱም ምሳና እራት ላይ ፍራፍሬው በሌላ አይነት አትክልት እንዲተካ ይፈቀዳል፣ ሁለት የተለያየ አትክልት መሆኑ ብቻ ነው የሚፈለገው። ጤፍ በዩኤስዲኤ ዝርዝር ውስጥ ያልተፈተገ እህል ነው፣ በቀን ቢያንስ አንዴ ያልተፈተገ እህል ይኑር የሚለውን ህግም ይሞላላችኋል። አምስቱም ሞላ።

ግን ሱቅ የሚሸጠው እንጀራ ሁሉ ጤፍ ብቻ አይደለም፣ ብዙው ከስንዴ ወይ ከገብስ ወይ ከሩዝ ዱቄት የተቀላቀለ ነው፣ ስለዚህ ሌብሉን ፎቶ አንሱና ለስፖንሰራችሁ ላኩ፣ ስንት ግራም እንጀራ እንደሚቆጠርም በጽሁፍ ይንገሯችሁ። ሽሮም እንደዛው ነው፣ ምስርና ሽምብራ በቅንጣቱ ሲቀርብ ማንም አይከራከርም፣ ዱቄት ሲሆን ግን ጥያቄ ያስነሳልና አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምስር ወይ ሽምብራ በአንድ ማዕድ ላይ እንደ ስጋም እንደ አትክልትም ሁለቴ እንደማይቆጠር አትርሱ፣ አንዱን ምረጡ። ለቁርስ ቅንጬ አሪፍ ነው፣ የተከካ ሙሉ ስንዴ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ልጆችም ይወዱታል።

የማይቆጠረው፣ ኩኪ፣ ኬክ፣ ዶናት እንደ እህል አይያዙም። ጁስ በቀን አንዴ ብቻ። ቤት ውስጥ በዘይት ጠልቆ የተጠበሰ አይፈቀድም፣ ሳምቡሳውን ኦቨን ውስጥ ካላስገባችሁት ለእንግዳ አቆዩት። ቆሎ፣ ፖፕኮርን፣ ያልተቆረጠ የወይን ፍሬ ለትንንሾቹ ማነቂያ ስለሆነ ባይከለከልም አትስጡ።

ወተቱ ለምን ይሄን ያህል ያስጨንቃል? በጾምስ?

ኢንስፔክተሮች ፍሪጅ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት ወተት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ከ1 አመት እስከ 2 አመት ሙሉ ቅባት ያለው ወተት፣ ከ2 አመት በላይ 1 ፐርሰንት ወይ ቅባት የሌለው፣ ከ6 አመት በታች ላሉት ደግሞ ቸኮሌት ምናምን የሌለበት። ስለዚህ ፍሪጃችሁ ውስጥ ሁለት አይነት ጋሎን መታየት አለበት፣ ቤት ውስጥ ሁሉም የሚጠጣው 2 ፐርሰንቱ ሰማያዊ ክዳን ብቻ ከተገኘ ችግር ነው።

በጾም ወቅት ልጆቹን የጾም አብሉልኝ የሚል ወላጅ ካለ (ትንንሽ ልጆች ባይጾሙም ቤቱ ስለሚጾም እንደዛ የሚፈልግ አይጠፋም) ምስሩና ሽምብራው የስጋውን ቦታ ስለሚሸፍን እሱ ችግር የለውም፣ ወተቱ ነው ጥያቄው። ወላጁ በጽሁፍ ከጠየቀ ከላም ወተት ጋር እኩል ንጥረ ነገር ያለው የአኩሪ አተር ወተት መስጠት ይቻላል፣ ክፍያውም አይቀርም። የአልመንድና የሩዝ ወተት ግን አብዛኛው መስፈርቱን አያሟላም፣ ለሱ የሀኪም ወረቀት ያስፈልጋል። የወላጁን ወረቀት ፋይል ውስጥ አስቀምጡት፣ በቃል "እሺ ብላኛለች" አይሰራም።

ገና ጡት የሚጠባ ህጻን ይቆጠራል?

አዎ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው ገንዘብ ይሄ ነው። ከ1 አመት በታች ያለ ህጻን የራሱ የምግብ ሰንጠረዥ አለው። እስከ 5 ወር ያለ ህጻን ምግቡ የእናት ጡት ወይ ፎርሙላ ብቻ ነው፣ እናትየው ያለበችውን ወተት በጡጦ እናንተ ካጠባችሁት ያ ሙሉ ምግብ ሆኖ ይከፈላል፣ በምሳ ሰዓት ከሆነ የምሳውን ዋጋ። ግዴታችሁ ቢያንስ አንድ አይነት ብረት የተጨመረበት ፎርሙላ እንደምታቀርቡ ለወላጅ መንገር ነው፣ ወላጁ የራሴን አመጣለሁ ካለ መብቱ ነው፣ መልሱን በፎርም ታስፈርሙታላችሁ። ከ6 ወር በኋላ ህጻኑ ምግብ ሲጀምር ግን ወላጅ ማምጣት የሚችለው አንዱን ነገር ብቻ ነው፣ ሌላውን እናንተ ማቅረብ አለባችሁ። ማር ከ1 አመት በታች በፍጹም አይሰጥም፣ አጥሚቱ ውስጥም ቢሆን።

እሺ በጀቱን እንዴት ልስራ?

ከዋጋ አትጀምሩ፣ ከመጠን ጀምሩ። አራት ልጅ ከ3 እስከ 5፣ አንድ የ2 አመት፣ አንድ የ1 አመት አሉ እንበል። ወተት ቁርስና ምሳ ላይ ለትልልቆቹ 12 12 አውንስ፣ ለትንንሾቹ 8 8 አውንስ፣ ድምሩ 64 አውንስ፣ በቀን ልክ ግማሽ ጋሎን ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሙሉ ቅባቱ የአንዷ ህጻን 8 አውንስ ብቻ ነው፣ በሳምንት 40 አውንስ፣ ስለዚህ ሙሉ ቅባቱን በጋሎን ሳይሆን በግማሽ ጋሎን ግዙ፣ ካልሆነ ሳምንት ሳይሞላው ይበላሽና ትደፉታላችሁ። በ21 ቀን ጠቅላላው 10 ጋሎን ተኩል ነው፣ ጋሎኑን 4 ዶላር ብንለው 42 ዶላር። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነው የሚሰራው።

ምስሩ ደግሞ፣ ለአራቱ ትልልቆች ለእያንዳንዳቸው ሶስት ስምንተኛ ካፕ፣ ለሁለቱ ትንንሾች ሩብ ሩብ፣ ድምሩ 2 ካፕ የበሰለ። አንድ ፓውንድ ደረቅ ምስር ሲበስል ከ6 ካፕ በላይ ይሆናል፣ ስለዚህ አንድ ፓውንድ ለሶስት ምሳ ይበቃል። ለተመሳሳዩ ስድስት ልጅ ዶሮ ካላችሁ የበሰለና ከአጥንት የወጣ 8 አውንስ ስጋ ያስፈልጋል፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ሁለቱን ሪሲት ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። ስጋ አታብሉ አይደለም፣ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ምስርና ባቄላ፣ አንድ ቀን እንቁላል፣ ሁለት ቀን ዶሮ ወይ የተፈጨ ስጋ ብታደርጉ ወጪው እንደሚወርድ ለማንም ግልጽ ነው።

ቲር ቱ የሆናችሁ በተለይ ይሄን ሂሳብ ማወቅ አለባችሁ። በቀን 16.56 ለስድስት ልጅ፣ የወተቱን 2 ዶላር ስትቀንሱ 14.56 ይቀራል፣ ለአንድ ልጅ ለቁርስ ለምሳና ለመክሰስ 2.43 ገደማ። በቅንጬ፣ በምስር፣ በሙዝና በወቅቱ ፍራፍሬ ይቻላል፣ በብሉቤሪና በስትሪንግ ቺዝ አይቻልም። መክሰሱ 26 ሳንቲም ነው የሚከፈለው፣ በ26 ሳንቲም የታሸገ ነገር አይገዛም፣ ግማሽ ካፕ የተከተፈ ብርቱካን ከብስኩት (ጣፋጭ ካልሆነው) ጋር ስጡና እለፉት።

በጀቱን የሚያናጉት ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የቀረ ልጅ ነው። ስድስት ተመዝግበው በአማካይ አምስት የሚመጡ ከሆነ በቲር ዋን የወሩ ገቢ 723 ሳይሆን 602.70 ነው፣ እናንተ ግን የገዛችሁት ለስድስት ነው፣ ስለዚህ ግዢያችሁን በተመዘገበው ሳይሆን ባለፉት ወራት በመጣው ልክ አድርጉት። ሁለተኛው ግዜ ነው። የማርች ወር ምግብ ክሌይም የሚደረገው ማርች ካለቀ በኋላ ነው፣ ከዛ ስፖንሰሩ ያየዋል፣ ስቴቱ ያየዋል፣ ገንዘቡ እስኪገባ ኤፕሪል ያልቃል ወይ ሜይ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የአንድ ወር ከዛም በላይ የምግብ ወጪ ከኪሳችሁ ይዛችሁ ግቡ።

ኮስትኮ ስትሄዱ የቤታችሁንና የዴይኬሩን ሁለት ግዜ ከፍላችሁ ሁለት ሪሲት ያዙ፣ ካሸሩ ፊት ላይ እንጨት ቢያደርቅባችሁም። አራት ሳምንት የሚሽከረከር ሜኑ ጻፉና ፍሪጁ ላይ ለጥፉት፣ በየቀኑ "ዛሬ ምን ላብላ" ማለት ነው ብር የሚበላው።

ታክስ ላይ ያስጨርሳል የሚባለውስ?

ከወሬዎቹ ሁሉ የተገላቢጦሹ ይሄ ነው። ከፉድ ፕሮግራም የሚገባው ብር ገቢ ነው፣ ስኬጁል ሲ በሚባለው የግል ስራ የታክስ ፎርም ላይ ይገባል (ለራሳችሁ ልጅ የተከፈለው ሲቀር)። ግን ያበላችሁት ምግብ ደግሞ ወጪ ነው፣ ይቀነሳል። የታክስ መስሪያ ቤቱ አይአርኤስ ለቤት ዴይኬሮች ሁለት ምርጫ ይሰጣል፣ ወይ ትክክለኛውን ወጪ በሪሲት፣ ወይ በሳህን የተወሰነ ስታንዳርድ ዋጋ። ይሄ ስታንዳርድ ዋጋ የሚወሰደው ደግሞ ከቲር ዋን ታሪፍ ላይ ነው፣ ቲር ቱ ለሆነችውም፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ላልገባችውም ያው ነው። ለ2025 ታክስ ለቁርስ 1.66፣ ለምሳና እራት 3.15፣ ለመክሰስ 93 ሳንቲም ነው፣ በቀን ለአንድ ልጅ እስከ አንድ ቁርስ፣ አንድ ምሳ፣ አንድ እራትና ሶስት መክሰስ ድረስ።

ቁጥሩን እንየው። ስድስት ልጅ፣ ቁርስ ምሳና አንድ መክሰስ፣ በአመት 240 ቀን፣ ለቀላልነት በአንዱ ታሪፍ ብቻ እናስላው። ቲር ቱ የሆነችዋ የተከፈላት 3,974.40 ነው፣ የምትቀንሰው ግን 8,265.60 ነው። ማለትም ከፉድ ፕሮግራም የመጣውን ገቢ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ሌላ 4,291.20 ደግሞ ከዴይኬር ገቢዋ ላይ ይቀንስላታል። ቲር ዋን ከሆነች ገቢውና ወጪው እኩል ይጣፋሉ፣ ታክስ አይጨምርባትም። ፕሮግራሙ የማይከፍለውን ሁለተኛና ሶስተኛ መክሰስም መዝግባችሁ ከሆነ ታክስ ላይ ታስገቡታላችሁ። በዚህ መንገድ የራሳችሁ ልጅ የበላው አይቀነስም። አይአርኤስ የሚጠይቃችሁ ማስረጃ የልጁ ስም፣ የመጣበት ቀንና ሰዓት፣ የበላው የምግብ አይነትና ብዛት ነው፣ ለፉድ ፕሮግራሙ የምትመዘግቡት ማለት ይቻላል ያው ነው። ስታንዳርዱን ከመረጣችሁ አመቱን ሙሉ ለሁሉም ልጅ እሱን ነው፣ ቀላቅሎ መጠቀም የለም። ይሄን የማያውቅ ታክስ ሰሪ ሞልቷል፣ እናንተ ራሳችሁ "ስታንዳርድ ሚል ሬት ተጠቅመህልኛል ወይ" ብላችሁ ጠይቁ።

ለምንድነው ይሄን ያህል የሚቆጣጠሩት?

ስፖንሰሩ በአመት ቢያንስ ሶስት ግዜ ይመጣል፣ ቢያንስ ሁለቱ ሳይነገር ነው፣ ከነዚህም አንዱ በምግብ ሰዓት መሆን አለበት። መጥቶ የሚያየው የዛሬው ሜኑ ተጽፏል ወይ፣ የቀረቡት ልጆች ቁጥርና የተመዘገበው ይገጥማል ወይ፣ ከላይሰንሱ በላይ ልጅ አለ ወይ፣ የወላጅ ምዝገባ ፎርም በየአመቱ ታድሷል ወይ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ በዚሁ የህጻናት ምግብ ገንዘብ ስፖንሰር የነበረ ፊዲንግ አወር ፊውቸር ከተባለ ድርጅት ጋር በተያያዙ ሰዎች ላይ በ2022 ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የማጭበርበር ክስ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ዜናውን የሰማ ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያየው፣ ንጹህ የሚሰራውም ጭምር መዝገቡ ንጹህ መሆኑን ማሳየት አለበት።

በተግባር ሰዎች የሚወድቁት በሌብነት ሳይሆን በስንፍና ነው። የሳምንቱን በሙሉ አርብ ማታ ቁጭ ብሎ መሙላት። ማክሰኞ ያልመጣ ልጅ ምሳ በልቷል ተብሎ ይገባል፣ የመግቢያና የመውጫ ፊርማው ግን ማክሰኞ የለም፣ ያ በቃ ያልቀረበ ምግብ ክሌይም ማድረግ ተብሎ ይያዛል። ሳይስተካከል ከቀጠለ ከፕሮግራሙ ያስወጣል፣ ስማችሁም በአገር አቀፍ ደረጃ የታገዱ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ እስከ 7 አመት ሊቆይ ይችላል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ሳህኑ ከተነሳ በኋላ ልጆቹ ሲተኙ በስልክ መሙላት፣ ኪድኬር የሚባለውን አፕ የሚጠቀሙ ስፖንሰሮች ብዙ ናቸው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ወረቀቱን ደግሞ ለ3 አመት አስቀምጡት፣ አትጣሉ።

ለመጀመር የት ልሂድ?

መጀመሪያ ዴይኬሩ በስቴቱ የተመዘገበ ወይ ላይሰንስ ያለው መሆን አለበት። ከዛ በአካባቢያችሁ ያሉትን ስፖንሰሮች ዝርዝር ስቴቱን ጠይቁ፣ ሜሪላንድ የስቴቱ ትምህርት መስሪያ ቤት ነው፣ ዲሲ ኦሲ የሚባለው የትምህርት መስሪያ ቤት፣ ዋሽንግተን ስቴት ኦኤስፒአይ የሚባለው የትምህርት መስሪያ ቤት፣ ኮሎራዶ የስቴቱ ጤና መስሪያ ቤት፣ ቴክሳስ የስቴቱ ግብርና መስሪያ ቤት። ሁለት ሶስት ስፖንሰር ደውላችሁ አማርኛ የሚናገር ሰው አላችሁ ወይ፣ ክሌይም በአፕ ነው በወረቀት፣ በወሩ በስንተኛው ቀን ትከፍላላችሁ ብላችሁ አወዳድሩ፣ አንዴ ከፈረማችሁ በኋላ እንደልብ መቀያየር ስለማይቻል። ቲራችሁን ለማወቅ አድራሻችሁን ብቻ ስጧቸው፣ የሰፈሩን እዛው ስልክ ላይ ያዩላችኋል፣ ሰፈሩ ካላለፈ የገቢ ፎርሙን ይልኩላችኋል። ቤታችሁ መጥተው አይተው፣ ስልጠናውን ወስዳችሁ፣ ውሉ ከጸደቀ በኋላ ነው የምትቆጥሩት፣ ከዛ በፊት ያበላችሁትን ወደኋላ ሄዶ አስከፍላለሁ ብላችሁ አታስቡ፣ ለታክሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ መዝግቡ።